እትዬ የጠጣችው የብሳና ልጥ

አባቴ ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም ነበር። የገጠር ቄስ ናቸው፤ የሚፈልጉኝ ነገር ሲኖር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው ቃል ይልካሉ፣ ካልሆነም ጎረቤት ደውሎ "አባትሽ እንዲህ ብለዋል" ይለኛል። ስለዚህ ያን ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ኬሚስትሪ ሳስተምር ስልኬ ተንቀጥቅጦ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳነሳው የራሳቸውን ድምፅ ስሰማ፣ ገና ምንም ሳይሉ ክፉ ነገር እንደመጣ ገባኝ።

"አክስትሽ ታማለች" አሉ። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። አሁን ሰውም በደንብ አትለይ። ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ አምጥተናታል።"

"ምን በልታ ነው አባዬ?"

ከኋላቸው ሰው ሲያወራና በር ሲንቋቋ ይሰማኛል።

"የብሳና ልጥ እያፈላች ስትጠጣ ሰንብታለች። ማን ጠጪ አለሽ ብንላት፣ እሷ ናት የነገረችን አለች።"

"እሷ ማን?"

"አንቺ ነሻ።"

ጠመኔው በእጄ እንዳለ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከብዷል። የደብረ ኤልያስ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አይነሳም። ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ተቀምጬ፣ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጣራ እየሰማሁ፣ ምን ብዬ እንደነበር አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ።

እትዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጅ አልወለደችም። ጥጥ ትፈትላለች፤ በቀጭን ፈትሏ በአገሩ የታወቀች ነበረች። ትምህርት ቤት ያስገባችኝም፣ "ኬሚስትሪ ምንድነው?" ብላ የጠየቀችኝና መልሴን እስከ መጨረሻው ያዳመጠችኝም እሷ ብቻ ነበረች። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ጥቂት ቆይቶ ስኳር በሽታ እንዳለባት ታወቀ። በዚያው ዓመት እግሯን እሾህ ወጋት። ቁስሉ ወራት ቢቆይም አልድን አለ፤ ጠርዙ ጠቆረ፣ ሸተተ። ሐኪሞቹ በዚሁ ከቀጠለ እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ስትተኛ እግሯን ከብርድ ልብሱ ውጭ አድርጋ ነበር የምትተኛ። "ሌሊት ሳላውቀው እንዳይሄድብኝ" ትለኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

አባቴ ያን ጊዜ ነው መድኃኒታቸውን ያመጡት። የብሳና ልጥ ነው። ጥላ ላይ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በቀጭን ጨርቅ ይነፉታል። ቁስሉን በፈላ ውሃ አጥበው ዱቄቱን ይነሰንሱበታል። ከአባታቸው የተማሩት ነው፤ አባታቸውም ከአባታቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አየሁት። መጀመሪያ ሽታው ጠፋ፣ ከዚያ ጠርዙ ቀላ፣ ከዚያም ቁስሉ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መጣ። ለፋሲካ እትዬ ጫማ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እርግጥ በዚያው ሰሞን የስኳር ክኒኗን በደንብ መዋጥ ጀምራ ነበር፤ በየቀኑም በፈላ ውሃ መታጠቡ ራሱ መድኃኒት ነው። የትኛው እንዳዳናት ዛሬም አላውቅም። ያኔ ግን ልቤ ለልጡ አደላ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስጀምር የጥናት ርዕስ ለማሰብ አንድ ቀንም አልፈጀብኝ። የብሳና ልጥ ጀርም ይገድላል ወይ? ሰውነትንስ ከውስጥ ከሚጎዱት ነገሮች የመከላከል ኃይል አለው ወይ? አባቴን ለማስፈቀድ አገር ቤት ሄድኩ። ባለ መድኃኒት እውቀቱን ለማንም አይሰጥምና እንቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መጥረቢያቸውን አንሥተው ከማሳው ዳር ወዳለው ትልቅ ብሳና ወሰዱኝ።

"ዙሪያውን አትላጪው" አሉኝ። "ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል። በአንድ ወገን ብቻ፣ ከመዳፍሽ ሳይሰፋ።"

"እሺ አባዬ።"

"ሌላም አለ። እኔ ይህን የማውቀው ለቁስል ነው፤ ከላይ። ከአፍ በታች አላውቀውም። አባቴም ለሆድ ሲሰጡ አላየሁም። የሚሰጡ አሉ ይባላል፤ እነሱ መጠኑን ያውቁ ይሆናል። እኔ አላውቅም።"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ዛሬም አለ፣ በእርሳስ፦ "ከአፍ በታች አላውቀውም።"

ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ልጡን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አጣርቼ፣ አልኮሉን ሳተነው ብልቃጡ ግርጌ ላይ ጥቁር ቡናማ የሆነ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ከሱ ጥቂት ጠብታ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ፈሳሽ ጋር ስቀላቅለው፣ ፈሳሹ ዐይኔ እያየ ወደ ቢጫ ተለወጠ። የቀለሙ መጥፋት ነው ምልክቱ፤ ልጡ የመከላከል ኃይል አለው ማለት ነው። ከጎኑ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኩት ቫይታሚን ሲ ነበር፤ የእኔ ብሳና ከእሱ ብዙም አልራቀም።

ጀርሙን መፈተን ግን ያስፈራኝ ነበር። ከሰው ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ አርብቼ፣ በወረቀት መብሻ የተቆረጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶችን ልጡ ውስጥ ነክሬ አስቀምጥበታለሁ። ጓንት አድርጌም ጀርሙ እጄ ላይ የሚሄድ ይመስለኛል። ቤት ገብቼ እጄን እስኪላጥ እፈትገው ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳህኖቹ የሚያድሩበት የሙቀት ሳጥን ይቀዘቅዝና ሥራው እንደገና ይጀመራል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሳህኑን ስከፍት፣ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርም ያልደረሰበት ጥርት ያለ ቀለበት አየሁ። አለቀስኩ። ከዚያን ቀን በኋላ የምፈራው ነገር ያለው ሳህኑ ውስጥ ብቻ መሰለኝ።

ጥናቱ ሊያልቅ ሲል በግንቦት አንድ እሑድ አገር ቤት ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች በደጀ ሰላሙ ተሰብስበዋል። ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም ከቀመሰ በኋላ አባቴ ብድግ አሉ፤ እንደዚያ ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም።

"ልጄ የኛን ብሳና ዩኒቨርሲቲ ወስዳ መርምራዋለች" አሉ። "ያየሽውን ንገሪያቸው።"

ተነሣሁ። ስለ ጀርሙ መናገር ቀላል ነበር። የመከላከል ኃይሉን ግን በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ተቸገርኩ። ከዚያ አንድ ምሳሌ መጣልኝ፤ ደስም አለኝ።

"ማረሻ ዝናብ ላይ ቢያድር ይዝጋል አይደል?" አልኳቸው። "የኛም ሰውነት ከውስጥ እንደዚያ ይዝጋል። ማርጀቱም፣ ስኳሩም፣ ካንሰሩም ከዚህ ዝገት ጋር ይያያዛሉ ይላሉ የተማሩት። የብሳና ልጥ ውስጥ ያለው ነገር ዝገቱን ይከለክላል።"

የቅኔ መምህር የነበሩ፣ ዐይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት መሪጌታ ከግድግዳው ሥር ሳቅ አሉ።

"ልጄ፣ ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ ለእንጨት ሁሉ መንቀዝን ማን አስተማረና ይባላል። ራሱን ከነቀዝ ያላዳነ እንጨት እኛን ከዝገት እንዴት ነው የሚያድነን?"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን መሸነፍ አልፈለግሁም።

"እንጨቱ ይነቅዛል እንጂ ልጡ አይነቅዝም፣ መሪጌታ" አልኳቸው። ሰው አጨበጨበልኝ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስንበታተን ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለስኳርም ይሆናል?" አለችኝ።

"ሊረዳ ይችላል ይላሉ እትዬ። ገና ይጠናል" አልኳት።

ያልኩት ይኸው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ያስታወስኩት ይኸንን ነው። "ገና ይጠናል" ያልኳትም ሰው ወደ መኪና ሲጠራኝ፣ ፊቴን እያዞርኩ እንደነበር አስታወስኩ። አባቴ ከአፍ በታች አላውቀውም ያሉትን አንድም ጊዜ አላነሣሁም። ጥናቴ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ልጡ ለሰው መርዛማ መሆን አለመሆኑ ወደፊት ሊመረመር ይገባል የምትል። እሷንም በአማርኛ ለማንም አልነገርኩም።

መንገዱ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ሚኒባሱ ጭቃ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ሰው "ማርያም" ይላል፤ እኔ ግን መገልበጡን አልፈራሁም። የፈራሁት መድረሱን ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አባቴ ነጭ ጥምጥማቸው በስብሶ ቆመው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ወደ ውስጥ መሩኝ። እትዬ አልጋው ላይ ትንሽ ሆናለች። ዐይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል። ስሟን ጠራሁ፤ ዐይኗን ከፍታ አየችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ግን ያወቀች አልመሰለኝም።

ጤና መኮንኑ ወጣት ነው። "የመረመርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ" አለኝ። "ጥሩ ነው፣ አንቺን ስጠብቅ ነበር። ምን ያህል ጠጥታለች?"

"በቀን ሁለት ስኒ፣ ለሁለት ሳምንት" አሉ አባቴ። "ሰሞኑን ደግሞ ገና ለውጥ አላየሁም ብላ ከስኒ ወደ ብርጭቆ ከፍ አድርጋዋለች።"

"ውስጡ ምንድነው ያለው?" አለኝ ወጣቱ።

ልጡ ውስጥ ያገኘኋቸውን ንጥረ ነገሮች ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ ታኒን፣ ፍላቮኖይድ፣ ሳፖኒን። በወረቀት ላይ ጻፈ።

"ስንት ሲደርስ ነው የሚመርዘው?"

"አላውቅም።"

"ኩላሊት ይነካል? ጉበት?"

"አልሠራሁትም።"

"ማርከሻስ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚያ ልጥ ሰማንያ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ለተኛችው ሴት የሚሆን አንድ መስመር ግን አልነበረውም።

"የስኳር ክኒኗን ትወስድ ነበር?" አለ ቀጥሎ።

አባቴ ወደ እትዬ ነጠላ ሄደው ጫፉን ፈቱ። ክኒኖቹ በላስቲክ ተቋጥረው፣ ሳይነኩ እዚያው ነበሩ።

"ሽንት ካየች ስንት ጊዜ ሆናት?"

"ከትናንት ጠዋት ወዲህ አላየችም" አሉ አባቴ።

ወጣቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መሄድ አለባት አለ። የወረዳው አምቡላንስ ተጠራ። ልብሷን እየሰበሰብኩ ሳለሁ አባቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ወደ በረንዳው አወጡኝ።

"እሷ ብቻ አይደለችም" አሉ። "ሌሎችም ጠጥተዋል። ሰንበቴ ላይ የሰማ ሁሉ ላጠው።"

"ማን ማን?"

"ሁሉን አላውቅም። እኔ ከአክስትሽ ጋር ልሂድ፤ አንቺ ወደ አገር ቤት ውጪ። እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ያስጀመርሻቸው አንቺ ነሽ፤ አቁሙ ብትያቸው ይሰሙሻል።"

እትዬን በወሳንሳ ሲያስገቧት እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። በሕይወት ካላገኘኋት መጨረሻ የያዝኩት ይህ እጅ ነው ብዬ አሰብኩና ለመልቀቅ አቃተኝ፤ አባቴ ቀስ ብለው ጣቶቼን አላቀቁኝ። አምቡላንሱ ሄደ። እኔ ደግሞ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃው ወደ አገር ቤት ወጣሁ።

ከደብረ ኤልያስ እኛ ቀበሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መንደሩ ሳልደርስ የመጀመሪያውን ብሳና አየሁ። ከሥሩ ጀምሮ ሰው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ተገፍፏል፤ ግንዱ እርጥብ ሆኖ ነጭ ይታያል። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። የአባቴ ማሳ ዳር ያለው ትልቁ፣ እኔ በመዳፌ ልክ የላጥኩት፣ እሱም ዙሪያውን ተልጧል። ቆሜ አየሁትና ፈራሁ። ዛፉ ስለሚደርቅ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ልጥ የት እንደገባ ሳስብ ነው። እያንዳንዱ ግንድ ስንት ማሰሮ እንደሚሞላ እኔ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነበርና።

ከመጀመሪያው ቤት ጀመርኩ። "የብሳና ውሃ አላችሁ?" እላለሁ። አንዳንዱ ሳቅ እያለ ያወጣልኛል፤ ልቅመስ ያልኩ መስሎት። አንዲት ሴትዮ ማር ጨምራበት በጀሪካን አስቀምጣለች፤ ደጃፏ ላይ ደፋሁት። ሽማግሌ ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ጠጥተው ሆዳቸው ስለተላወሰ ትተውታል፤ "ዝገቱ ሲወጣ ነው ብዬ ነው እንጂ ልነግርሽ ነበር" አሉኝ። የራሴ ቃል ከሳቸው አፍ ሲወጣ ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

አንዱ ገበሬ ግን በር ላይ ቆሞ አላስገባም አለኝ።

"ጠጡ ብለሽ አሁን አትጠጡ ትይናለሽ?"

"ጠጡ አላልኩም።"

"ታዲያ ዝገት ከውስጥ ነው ያልሽን እኮ፤ ከውስጥ ያለን ነገር በምን ልናገኘው ኖሯል? ወይስ ዩኒቨርሲቲው ሊሸጠው ነው?"

እሱ እንዳለው ነበር። ከውስጥ ይዝጋል ካልኳቸው በኋላ በአፋቸው ነው እንጂ በምን ያስገቡት? "አክስቴ በሞትና በሕይወት መካከል ናት" ብቻ አልኩት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ውስጥ ገብቶ ማሰሮውን ይዞ ወጣና እሱ ራሱ ደፋው።

ከሁሉ ያስፈራችኝ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የምትኖር አንዲት ወጣት ሴት ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እግሯ እያበጠ ስላስቸገራት፣ ያን ዕለት ጠዋት አንድ ስኒ ጠጥታለች።

"ዛሬ ብቻ ነው?"

"ዛሬ ጀመርኩ። ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?"

ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳት። ባሏ እርሻ ላይ ነው፣ ዝናቡም በርትቷል፤ ምንም ሳልሆን ምን ብዬ እሄዳለሁ አለችኝ። እኔም ትቻት መሄድ አልቻልኩም። ቤቷ ውስጥ ተቀመጥኩ። እንሥራ ልታወርድ ስትነሣ ቀድሜ አወረድኩት። ሆድሽን ቆረጠሽ? አልኳት። አልቆረጠኝም አለች። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ጠየቅኋት። በመጨረሻ፣ "ከልጡ ይልቅ ያሳመምሽኝ አንቺ ነሽ" አለችኝና ሳቀች። ባሏ አመሻሹ ላይ ሲገባ ምልክቶቹን ነገርኩት፤ ደም ካየች፣ ካስመለሳት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት አልኩት። እሱ ግን ከሚስቱ ይልቅ የእኔን ሁኔታ እያየ ግራ ተጋባ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩና ከመናኸሪያው በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። የሴቶች ክፍል በር ላይ ስደርስ ውስጥ ሰው ያለቅሳል። የሚያለቅሱት ለሌላ ሰው ነበር፤ ይህን ሳውቅ የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አፍርበታለሁ።

እትዬ በሕይወት ነበረች፤ ግን ኩላሊቷ አልሠራም ብሏል። ሐኪሟ ያጣችው ውሃ ብዙ ነው፣ ስኳሯም ከሚገባው በላይ ወጥቷል፣ የጠጣችው ነገርም የራሱን ሳያደርግ አልቀረም አለን። ሽንት ከመጣ ትድናለች፤ ካልመጣ አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ ለዚያ ደግሞ አቅም የላትም። ከአልጋዋ ጎን ሽንት የሚጠራቀምበት አንድ ላስቲክ ተንጠልጥሏል። አባቴና እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያን ባዶ ላስቲክ ስናይ ዋልን። አባቴ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ አንድ መዝሙር ባለቀ ቁጥር ቀና ብለው ላስቲኩን ያያሉ። እኔ መጸለይም አቃተኝ። ከዩኒቨርሲቲው ሰው መጥቶ ጥናትሽን ፈታኞች ፊት የምታቀርቢበት ቀን ተቆረጠ ሲለኝ ስለ ምን እንደሚያወራ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ፣ "ተናገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉኝ፤ ዐይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ።

"እርስዎ ግን ከአፍ በታች አላውቀውም ብለውኝ ነበር።"

"ለአንቺ ነው ያልኩሽ። እዚያው ቆሜ ስሰማሽ ለነሱ አላልኩም። ኩራት አፌን ያዘው።"

ያን ቀን ከጎናቸው መቀመጥ ቀለለኝ።

እሑድ ጠዋት ነርሷ ላስቲኩን አንሥታ ወደ ብርሃን አየችና፣ "መጣ" አለች። ግርጌው ላይ ጥቂት ጠቆር ያለ ነገር አለ። አባቴ ተንበረከኩ። እኔ ላስቲኩን ነካሁት፤ ለብ ይላል።

እትዬ ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ወደ አገር ቤት አልመለስኳትም፤ እኔ ቤት ወሰድኳት። ጥናቴን ፈታኞቹ ፊት ያቀረብኩት እሷ ገና ሆስፒታል ሳለች ነው። ፈታኙ ልጡ ጥሩ ውጤት አሳይቷል ብሎ አመሰገነኝና፣ ቀጥሎ ምን እንዲሠራ ትመክሪያለሽ አለኝ። አማርኛ መናገር ፈቅደውልኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ይህ የጥናቱ አካል አይደለም አለ። ሌላው ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው ገጽ አምጫት አለኝ። አመጣኋት።

ሐምሌ ላይ ሰንበቴው ፊት እንደገና ቆምኩ። የእትዬን ነገር ነገርኳቸው፤ ልጡ ለሆድ መሆን አለመሆኑን እንደማላውቅ፣ ከቁስል በቀር አባቴም እንደማያውቁ ነገርኳቸው። አንዳንዱ አመነኝ። አንዳንዱ ግን ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ብሎ፣ "ስንት ስኒ ቢሆን ነው የማይጎዳው?" ይለኛል። አላውቅም ስል፣ ለዘመዶቿ ብቻ የደበቀችው ነገር አለ ብሎ ይሄዳል። ያቺ ነፍሰ ጡር በመስከረም ወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ሄጄ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ጣቶቹን፣ ጆሮውን፣ ዐይኑን አንድ በአንድ አየሁ። "ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ። ደህና መሆኑን ያመንኩት ሲያለቅስ ነው።

እትዬ እኔ ዘንድ በቆየችባቸው ወራት የሚጠጣ ነገር ሁሉ ያስፈራት ነበር። ሻይም ቢሆን፣ አጥሚትም ቢሆን፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጡ ታያለች። "ይሄስ ምንድነው?" ትለኛለች። እነግራታለሁ። አትጠጣም። ስለዚህ እኔ ቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ፊቴን አይታ፣ እሷም ትጠጣለች። ተቀይማኝ እንዳልሆነ ነግራኛለች። "አንቺን አይደለም የምፈራው" አለችኝ አንድ ቀን። "ያመንኩሽ ጊዜ የሆነውን ነው።"

ኩላሊቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ጨው ተከልክላ፣ እግሯ እያበጠ፣ ግን እየፈተለች ብዙ ዓመት ኖረች። ያን ጊዜ ከእኔ ቤት ወደ አገር ቤት ስትመለስ መናኸሪያ ሸኘኋት። የስኳር ክኒኗን በእጇ ሰጥቼ አወሳሰዱን አስረዳኋት። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የክኒኑን ላስቲክ እያገላበጠች ብዙ ጊዜ አየችው።

"በምን ነው የምውጠው?" አለችኝ።

"በውሃ።"

"በውሃ ብቻ?"

"በውሃ ብቻ እትዬ።"

ሚኒባሱ ተነሣ። እጇን አወጣችልኝ፤ ያዝ አድርጌ ለቀቅኋት።